ጠንካራ ከንቲባም ማኅበር ያስፈልገዋል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአሥር በላይ ሰዎች ልከውልኛል። ግማሾቹ በማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ ናቸው። «የልባችንን ተናገረልን» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ ከተሞችና የአካባቢ መንግሥታት መዋጮ እያዋጡ ጥያቄያቸውን በጋራ ለመንግሥት ስለሚያቀርቡባቸው ማኅበራት ነው። እነዚህ ማኅበራት ጊዜያቸው አልፏል፣ አመራራቸውም ስም እንጂ ሥራ የለውም ይላል።

እንዲህ ባለ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልጀምርም። ጽሑፉን ግን ሁለት ጊዜ ረጋ ብዬ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የሚያውቁትን ነው የጻፉት። የተበሳጩበት ምክንያትም አላቸው። የማልስማማው ከመደምደሚያቸው ጋር ነው።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ጠንካራ ከንቲባ ማኅበር አያስፈልገውም ይላሉ፤ የሚኒስትሩን በር ራሱ ያንኳኳል፣ ማኅበር የሚፈልገው ሰሚ ያጣ ነው። ጉትጎታ ውጤት የለውም ይላሉ፤ መንግሥት ሊሰጥ ያሰበውን ይሰጣል፣ ያላሰበውን አይሰጥም፣ ስለዚህ መዋጮው ለመንገድ ጥገና ቢውል ይሻላል። ትልልቆቹ ከተሞች ብዙ እየከፈሉ ከትንንሾቹ እኩል መቀመጣቸው ፍትሕ አይደለም፤ ወይ ይምሩ ወይ ይውጡ። አመራሩም ከተመረጡ ፖለቲከኞች ወጥቶ ለተቀጠረ ባለሙያ ይሰጥ። በመጨረሻም ማኅበሩ ከፖለቲካ እጁን ያውጣና ሥልጠና ብቻ ይስጥ። በመሃል በመሃል ስለ አበልና ስለ ጉዞ ብዙ ብለዋል። እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ከወደደው ልጀምር፤ ጠንካራ ከንቲባ በሩን ራሱ ያንኳኳል ከሚለው።

በ1932 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ዲትሮይት በሕዝብ ብዛት የአገሪቱ አራተኛ ከተማ፣ የመኪና ኢንዱስትሪው መናኸሪያ ነበረች። ከንቲባዋ ፍራንክ መርፊ ደካማ ሰው አልነበሩም። በኋላ የሚሺጋን ገዥ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። በር ማንኳኳት የሚችል ሰው ካለ እሳቸው ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ግን የከተማዋ ካዝና ሥራ ያጣውን ሕዝብ መርዳት አቃተው። በዚያ ዘመን ችግረኛን መርዳት የከተማና የክልል ሥራ ነው ተብሎ ነበር የሚታመነው። ይህን እምነት አንድ ከንቲባ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። አንድ ከንቲባ ሲቸገር ሰው የሚለው «አስተዳደሩ ደካማ ነው» ነው። ብዙዎች ባንድ ላይ «ተቸገርን» ሲሉ ግን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል።

መርፊ በዚያው ዓመት በጁን ወር የትልልቅ ከተሞችን ከንቲባዎች ወደ ዲትሮይት ጠሩ። ከንቲባዎቹም የፌዴራል እርዳታ በጋራ ጠየቁ። በጁላይ ወር ፕሬዚዳንት ሁቨር ለክልሎች ለእርዳታ ሥራ በብድር የሚሰጥ 300 ሚሊዮን ዶላር ያካተተ ሕግ ፈረሙ። ይህን ከንቲባዎቹ ብቻቸውን አመጡት አልልም። በኮንግረሱ ውስጥም ብዙ የገፉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ስብሰባ ግን እስካሁን ያለው የአሜሪካ ከንቲባዎች ጉባኤ ተወለደ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም መርፊ ሆኑ። የአራተኛዋ ትልቅ ከተማ ከንቲባ፣ ያን ያህል ስም ያላቸው ሰው፣ ማኅበር ያስፈልገኛል ብለው ነው የተነሱት።

ጸሐፊው የረሱት አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ትውውቅ የሰው ነው፤ የከተማ አይደለም። ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎበዝ ከንቲባ ነበሩ፤ ስማቸውንም ከተማቸውንም አልጠቅስም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ የቆየ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራቸው። በዚያ በኩል ለውሃ መስመር ማስፋፊያ ገንዘብ አስፈቀዱ። ሥራው ተጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጓደኛቸው ከቦታው ተነሳ። አዲሱ ኃላፊ ፋይሉን አገላብጦ የሚያስገድደው ነገር አጣበት። ስምምነት የለም፣ መመሪያ የለም፣ ቃል ብቻ ነው ያለው። ቧንቧው መንገድ ዳር ተከምሮ ዓመት አለፈው። ከንቲባው በዚያን ጊዜ ወደ እኛ መጡ። ከዚያ በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተገኝተው አያውቁም ነበር። አልፈረድኩባቸውም። የሠሩት ለከተማቸው ብለው ነው።

የአጎራባቿ ከተማ ሰዎችስ? የውሃ ችግራቸው አንድ ዓይነት ነበር። እነሱ የክፍል ጓደኛ አልነበራቸውም። የጸሐፊውን ሐሳብ ተከትለን ብንሄድ የዚያች ከተማ ሕዝብ ውሃ የሚያገኘው ከንቲባው ጥሩ ትምህርት ቤት ከተማረ ብቻ ነው። ይህን ጸሐፊውም የሚፈልጉት አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ብዙ አገሮች ማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ መንግሥታትን እንዲያማክር በሕግ ያስገድዳሉ። በ1985 የወጣው የአውሮፓ የአካባቢ ራስ አስተዳደር ቻርተር አካባቢዎቹን በቀጥታ በሚመለከት ጉዳይ ላይ በተቻለ መጠን በጊዜው ይመከርባቸው ይላል። ግን ማንን ነው የሚያማክሩት? ሁሉንም ከንቲባ? ያ አይሆንም። ያወቁትን? ያ ደግሞ ትውውቅ ነው። ቻርተሩ በአንቀጽ 10 ላይ የአካባቢ መንግሥታት የጋራ ጥቅማቸውን በሚያስጠብቅ ማኅበር አባል የመሆን መብታቸውን ያስቀመጠው ይህን በማሰብ ይመስለኛል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት የበለጠ ርቆ ሄዷል። የተደራጀው የአካባቢ መንግሥት እስከ 10 ተወካዮችን ወደ ክልሎች ብሔራዊ ምክር ቤት እንዲልክ ፈቅዷል። ድምፅ አይሰጡም። ይናገራሉ፤ ይሰማሉ። ያ ወንበር የማንም ጓደኛ ወንበር አይደለም። ሰው ሲቀየርም ባለበት ይቆያል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ጉትጎታ ውጤት የለውም ስለሚለው።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ የምቀበለውን ልናገር። ብዙ ጊዜ ውጤት አይኖረውም። በስኮትላንድ 32 ምክር ቤቶች ኮስላ የሚባል ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ በጁን 2023 መጨረሻ ከመንግሥት ጋር ትልቅ ስምምነት ፈረመ። በጉዳዮች ላይ አስቀድመን እንመካከራለን ተባባሉ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በኦክቶበር፣ የመንግሥቱ መሪ በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ቆመው ምክር ቤቶቹ የሚሰበስቡት የቤት ግብር በሚቀጥለው ዓመት እንደማይጨምር አወጁ። ምክር ቤቶቹ አልተማከሩም ነበር። የጸሐፊውን ሐሳብ የሚደግፍ ምሳሌ ስፈልግ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ግን ስምምነቱ ባይኖር ኖሮስ? የግብሩ ውሳኔ ተራ ዜና ሆኖ ያልፍ ነበር። ወረቀቱ ስለነበረ ግን ማኅበሩ «ይህ ከፈረማችሁት ጋር አይሄድም» ብሎ በአደባባይ መናገር ቻለ። ማካካሻው ስንት ይሁን የሚለው ክርክርም ወራት ፈጀ። ሽንፈት ነው፤ አልክድም። ጸሐፊው ግን ከሽንፈት ተነስተው ወደ መተው ዘለሉ። አንድ ክስ የተሸነፈ ጠበቃ አይሰናበትም።

ያሸነፉትን ደግሞ እንይ። በአሜሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተሞች ምርር ብሎአቸው ነበር። ፌዴራል መንግሥቱ ሕግ ያወጣል፣ ሥራውን ለከተሞች ይሰጣል፣ ገንዘቡን ግን አይልክም። ማኅበራቱ እሮሮ ብቻ አላሰሙም። የከንቲባዎቹ ጉባኤ 314 ከተሞችን አስጠንቶ እያንዳንዱ ግዴታ ስንት እንደሚያስወጣቸው በቁጥር አወጣ። በኦክቶበር 27 ቀን 1993 የከተሞችና የካውንቲዎች ማኅበራት ቀን ቆርጠው በአገር ደረጃ ስለ ጉዳዩ ባንድ ድምፅ ተናገሩ። በማርች 22 ቀን 1995 ገንዘብ ያልተመደበላቸውን ግዴታዎች የሚመለከት ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ሁሉን አልፈታም፤ ግዴታ መጫንንም አልከለከለም። ግን ከተወሰነ ወጪ በላይ የሚያስከትል ረቂቅ ሲቀርብ ወጪው ተሰልቶ በምክር ቤቱ ፊት እንዲቀመጥ አደረገ። ለአንድ የከተማ ገንዘብ ያዥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የካናዳውም አለ። የካናዳ ማዘጋጃ ቤቶች ፌዴሬሽን ለመሠረተ ልማት ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ስጡን እያለ ዓመታት ጎተጎተ። በ2005 ፌዴራል መንግሥቱ ከነዳጅ ግብር ለማዘጋጃ ቤቶች ማካፈል ጀመረ። በ2008 ደግሞ ድርሻው ቋሚ እንዲሆን ተወሰነ። ስሙ ተቀይሮ እስካሁን አለ። ጸሐፊው መዋጮው ለመንገድ ጥገና ይዋል ብለዋል። ይኸው፣ ያ ገንዘብ በየዓመቱ መንገድ ይሠራል። የአንዲት ከተማ መዋጮ ስንት ሜትር መንገድ እንደሚጠግን ጸሐፊው እንዲያሰሉት እጠይቃለሁ።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር የራሳችንን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ልንሰጥ ገባን። «ጫናው በዝቶብናል» አልን። አንዲት ወጣት ባለሙያ ቀና ብላ «ስንት?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። የአዳራሹ ዝምታ ዛሬም ይታወሰኛል። ተመልሰን ለአባላት አንድ ገጽ ቅጽ ላክን። ግማሾቹ አልመለሱልንም። የቀሩትን በስልክ እየደወልን፣ አንዳንዱን ቢሮው ድረስ እየሄድን አሰባሰብን። ዓመት ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ስንገባ ግን የተቀበሉን በሌላ ፊት ነው። ጉትጎታ ከበሮ መምታት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አብዛኛው ሥራ ቅጽ መሰብሰብ ነው። ይህን ለመሥራት ደግሞ ሁሉም አባል መሆን አለበት፤ ግማሹ ከወጣ ቁጥሩም ግማሽ ነው።

ትልልቅ ከተሞች ይምሩ ወይ ይውጡ የተባለውን አቅልዬ አላየውም። ቅሬታው እውነተኛ ነው። ብዙ ከፍለህ አንድ ድምፅ ይዘህ ስትቀመጥ፣ ስብሰባው ሁሉ ስለማይመለከትህ ነገር ሲሆን፣ ያማል።

ስኮትላንድ ውስጥ ይህ ተሞክሯል። በ2015 ግላስጎው፣ አበርዲን፣ ሬንፍሩሻየርና ደቡብ ላናርክሻየር ከኮስላ ወጥተው የራሳቸውን ስብስብ መሠረቱ። የመንግሥት ገንዘብ በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነበር ጸቡ። ግላስጎው የአገሪቱ ትልቋ ከተማ ናት። ብቻዋን ትሰማለች የምትባል ከተማ ካለች እሷ ናት። በ2017 የአካባቢ ምርጫ ከተካሄደ በኋላ አራቱም ተመለሱ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ የምክር ቤቶቹ አመራርም ተቀይሮ ነበር። ግን ውጭው የተሻለ ቢሆን አዲሶቹ መሪዎች ባልተመለሱ ነበር።

በካናዳ ደግሞ በ1901 የሆነው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የስልክና የመብራት ኩባንያዎች ማዘጋጃ ቤት ሳይፈቅድ በየመንገዱ እንጨት እየተከሉ ነበር። ከሞንትሪያል ጎን ያለችው የትንሿ ዌስትማውንት ከንቲባ ላይትሆል ብቻቸውን እንደማይችሉት ገባቸው። ከትልቋ ቶሮንቶ ከንቲባ ሃውላንድ ጋር ተገናኙ። ሁለቱ ሌሎቹን ጠርተው የካናዳ ማዘጋጃ ቤቶች ኅብረትን አቋቋሙ። ሐሳቡ ከትንሿ መጣ፣ ክብደቱ ከትልቋ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ትልቋ ትምራ የሚለውም ቢሆን መመዘኛ አይሆንም። የዴንማርክ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር 98ቱንም ማዘጋጃ ቤቶች ወክሎ በየዓመቱ ከመንግሥት ጋር በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ ይደራደራል። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ማኅበር ከ2014 እስከ 2018 የመሩት የካሉንቦርግ ከንቲባ ማርቲን ዳም ናቸው። ካሉንቦርግ ከኮፐንሃገን ጋር አትወዳደርም፤ ሕዝቧ 50,000 አይሞላም። ከሳቸው ቀጥሎ ሊቀመንበር የሆኑት ደግሞ የሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ የኦርሁስ ከንቲባ ነበሩ። ትልቅነት አይከለክልም፤ ትንሽነትም አይከለክልም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ። ማኅበር የውስጥ ሰዎችን ጥቅም ብቻ የሚጠብቅ አጥር ሊሆን ይችላል። በፊሊፒንስ በ2007 አሥራ ስድስት ትናንሽ ከተሞች በሕግ ወደ ሙሉ ከተማነት አደጉ። የነባሮቹ ከተሞች ማኅበር፣ የከተሞች ሊግ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የምናገኘው ድርሻ ይቀንሳል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2008 ለሊጉ ወሰነ፣ በ2009 ገለበጠው፣ በ2010 መልሶ ለሊጉ ወሰነ፣ በ2011 ደግሞ ለአሥራ ስድስቱ ወሰነ። የሊጉ መሪዎች የአባሎቻቸውን ገንዘብ መጠበቅ ሥራቸው ነው። ቢሆንም ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ከአሥራ ስድስቱ ጋር ነው። የማኅበር አመራር በሩ ላይ የቆሙትንም ማሰብ አለበት።

ድምፅ በሕዝብ ብዛት ይመዘን ከተባለ እኔ አልቃወምም። ሥራ አስፈጻሚው ውስጥ ለትልልቅ ከተሞች የተጠበቀ ወንበር ይኑር ቢባልም አልቃወምም። ይህ የመተዳደሪያ ደንብ ጉዳይ ነው፤ ደንብ ደግሞ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል። ለመውጣት ምክንያት አይሆንም።

አመራሩ ለባለሙያ ይሰጥ ስለተባለው አጭር መልስ አለኝ። እኔ ራሴ የተቀጠርኩ ባለሙያ ነበርኩ። ሚኒስትር ፊት ስቀርብ «አንተን ማን መረጠህ?» ቢሉኝ የምለው አልነበረኝም። ከንቲባ ግን ከጀርባው መራጭ አለው። ባለሙያው ቁጥሩን ያዘጋጃል፣ ሰነዱን ይጽፋል፣ የትናንቱን ያስታውሳል። ተመራጩ ይናገራል፣ ይደራደራል፣ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ጸሐፊው ያነሱት ችግር፣ መሪው በየጊዜው እየተቀያየረ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል ያሉት፣ እውነት ነው። መፍትሔው ጠንካራ ጽሕፈት ቤትና ጥሩ መዝገብ ነው። ተመራጮቹን ማስወጣት አይደለም።

ከፖለቲካ ይውጣና ያሠልጥን የተባለውስ? ሥልጠናን አልጠላም፤ ብዙ አሠልጥኛለሁ። ግን እስቲ እናስበው። ገንዘብ ያልተመደበለት ግዴታ የተጫነበትን የሒሳብ ሠራተኛ ሪፖርት አሞላል አሠለጠንነው እንበል። ጥሩ አድርጎ ይሞላል። የጎደለው ገንዘብ ግን እንደጎደለ ነው። ገንዘቡ ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለበት፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ፖለቲካ ነው።

ጸሐፊው የፈሩት የፓርቲ ፖለቲካን ከሆነ እረዳቸዋለሁ። ማኅበሩ የአንድ ፓርቲ ቅርንጫፍ የሆነ ቀን አለቀለት። የእንግሊዝና የዌልስ የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር ይህን የሚይዝበት መንገድ አለው። ፓርቲዎቹን ደብቆ አይደለም። እያንዳንዱ የፖለቲካ ቡድን በማኅበሩ ውስጥ የራሱ መሪ አለው። ሊቀመንበሩ ከትልቁ ቡድን ይሆናል፤ ከሌሎቹም ቡድኖች የአመራሩ አካል የሚሆኑ አሉ። ማንም በምርጫ ቢያሸንፍ ማኅበሩ አይፈርስም። በምርጫ የተሸነፈውም ማኅበሩ ውስጥ ወንበር ይኖረዋል።

አሁን ወደ አበሉ። ጸሐፊው በዚህ ላይ የጻፉትን ሳነብ አንገቴን ደፍቻለሁ። ለሦስት ቀን ጉባኤ የሳምንት አበል ሲከፈል አይቻለሁ። ከጉዞ መልስ አንድ ገጽ ሪፖርት የማይጽፉ ልዑካን አይቻለሁ። ሪፖርቱን እንዲያመጡ ሳልጎተጉታቸው ያለፍኩበትም ጊዜ አለ፤ ያ የእኔም ጥፋት ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ከሌላት ላይ ቀንሳ ያዋጣችው ገንዘብ ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህን የሚያየው አባል ጸሐፊውን ቢያምን አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሁለት ነገር በደንቡ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቅ። አንደኛው፣ በማኅበሩ ገንዘብ የተጓዘ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ሪፖርቱን ለሁሉም አባላት ይላክ፤ ካልላከ አበሉን ይመልስ። ሁለተኛው፣ ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ መጨረሻ መንግሥትን ምን እንደጠየቀ፣ በስንት ቁጥር እንዳስደገፈው፣ ምን መልስ እንዳገኘ በአንድ ሰንጠረዥ ያውጣ። መልስ ያላገኘበት ረድፍም ባዶነቱ ይታይ። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ስሜን ከስማቸው ቀጥሎ ያስፍሩት።